ግድግዳው የእርስዎ፣ አየሩ የከተማው

(በዋሺንግተን ዲሲና በአካባቢዋ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ «ስለ ከተማው ፈቃድና አገልግሎት ንገረን» ሲሉኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። ጠበቃ አይደለሁም፤ የመንግሥት ሠራተኛም ሆኜ አላውቅም። ታፔላ ሠሪ ነኝ። አዲስ አበባ ሳለሁ ቆርቆሮ ላይ በብሩሽ እጽፍ ነበር። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ደግሞ የፕላስቲክ ፊደል እቆርጣለሁ፣ መብራት እገጥማለሁ፣ መሰላል ላይ ወጥቼ እሰቅላለሁ። ወደዚህ አዳራሽ ስገባ ታፔላቸውን የሠራሁላቸው አራት ሰዎች አይቻለሁ። አንደኛው ቀሪ ሒሳብ ስላለበት ከኋላ ተቀምጧል፤ ስሙን አልጠራም።

ኋላ ግን ሳስበው፣ በዚህች ከተማ ውስጥ ፈቃድ ሳይኖረው ተሰቅሎ የወረደ ነገር ከእኔ በላይ ያየ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ የማውቀውን ልንገራችሁ፤ የማውቀውም ከመሰላል ላይ የታየውን ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ።

ከአንድ ታፔላ ልጀምር። አንድ ወዳጄ እግረኛ በሚበዛበት ጎዳና ላይ ምግብ ቤት ከፈተ። «ከግድግዳው ወጣ ብሎ ወደ መንገዱ የሚያይ ሥራልኝ፤ ሰው ከሩቅ እንዲያየው» አለኝ። በሁለቱም ፊት ጀበና ያለበት፣ ከውስጡ የሚበራ ታፔላ ሠራሁለት። ራሴን ማመስገን ባይሆንብኝ የሚያምር ሥራ ነበር። «ፈቃዱስ?» ስለው «አልቋል፣ አታስብ» አለኝ። ያለቀው ለካ የንግድ ፈቃዱ ኖሯል። የታፔላ ፈቃድ የሚባል ለብቻው መኖሩን እሱም አላወቀም፤ እኔም ያን ጊዜ ለሥራው አዲስ ስለነበርኩ አልጠየቅኩም። ዓርብ ማታ ሰቀልነው። ማክሰኞ ጠዋት ተቆጣጣሪ መጣ።

ሰውየው ጨዋ ነበር። አልጮኸም፣ አልዛተም። ከኪሱ ሜትር አውጥቶ ከግድግዳው እስከ ታፔላው ጫፍ ለካ። ከዚያ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳርፎ «ይህ የባለንብረቱ ነው» አለ። እጁን አንድ ስንዝር ያህል ከግድግዳው አራቀና ባዶውን አየር እየጠቆመ «ይህ ግን የከተማው ነው» አለ። ወዳጄ ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ «አየርም ባለቤት አለው እንዴ?» አለኝ። እኔም ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም። ጀበናው ወርዶ ስምንት ወር ምድር ቤት ውስጥ ከሽንኩርት ጆንያ አጠገብ ከረመ።

መልሱን በኋላ አገኘሁት፤ ከዚህች ከተማ አፈጣጠር ጋር የተያያዘ ነው። በ1791 ፈረንሳዊው ላንፋ የዋሺንግተንን ፕላን ሲነድፍ መንገዶቹን እጅግ ሰፊ አደረጋቸው። ከትልልቆቹ ጎዳናዎች አንዳንዶቹ 160 ጫማ ስፋት አላቸው። ያን ሁሉ በድንጋይ ማንጠፍ ለከተማው ከአቅም በላይ ሆነ። በ1870 ኮንግረስ አንድ ሕግ አወጣ፦ የመንገዱ ጠርዝና ጠርዝ ሣርና ዛፍ ይተከልበት፤ መሬቱ የሕዝብ ሆኖ ይቆይ፣ የሚንከባከበው ግን ከፊቱ ያለው ባለቤት ይሁን ተባለ። ያንን የሣር ቦታ «ፓርኪንግ» አሉት። ዛሬ መኪና ለማቆም የምንከፍልበት ቃል ያን ጊዜ አትክልት ማለት ነበር። በአሮጌው የከተማው ክፍል ብዙ ቤቶች ፊት ለፊት ያለው ግቢ፣ አበባ የምትተክሉበት፣ ደረጃው የሚወርድበት፣ የምግብ ቤቱ ወንበርና ጠረጴዛ የሚዘረጋበት ቦታ የባለቤቱ አይደለም። የሕዝብ ነው። ባለቤቱ ሣሩን ያጭዳል እንጂ ካርታው ላይ የለውም።

ይህን ሳያውቁ ሕንፃ የገዙ፣ አጥር ያጠሩ፣ ጥላ የዘረጉ፣ በረንዳ ላይ ቡና ያስቀዱ ስንት ወገኖቻችን ተቀጥተዋል። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፦ «በገዛ ቤቴ!» እኔም ስለ ፈቃድ ሲጠይቁኝ መጀመሪያ የምለው አንድ ነገር ነው። ስንት ይከፈላል፣ ስንት ቀን ይፈጃል ከማለታችሁ በፊት «ይህ ቦታ የማን ነው?» በሉ። የፈቃዱ ዓይነት፣ የሚሰጠው መሥሪያ ቤትና የምትቆሙበት ወረፋ የሚታወቀው ከዚያ መልስ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ከመካከላችን ብዙ ሰው አሁንም «ዲሲአርኤ ልሄድ ነው» ይላል። ያ የግንባታውንም የንግዱንም ፈቃድ ይሰጥ የነበረ የከተማው መሥሪያ ቤት በጥቅምት 2022 ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ የሕንፃ መምሪያ ነው፤ የግንባታ ፈቃድ፣ የታፔላ ፈቃድና ተቆጣጣሪዎቹ ያሉት እዚያ ነው። ሌላው የንግድ ፈቃድ የሚሰጠው ነው። ከግድግዳው አልፎ ወደ ሕዝብ ቦታ ለሚወጣ ነገር ደግሞ የትራንስፖርት መምሪያው ይገባበታል። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ቤቱ ለምን አገልግሎት እንደሚውል የሚያረጋግጥ ወረቀት አለ፤ ሰርተፊኬት ኦፍ ኦኩፓንሲ ይሉታል። ልብስ መሸጫ የነበረውን ቤት ምግብ ቤት የሚያደርገው ይህ ወረቀት ነው። ውል ከመፈረማችሁ በፊት፣ ለደላላው ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ። ኪራይ እየከፈሉ ወረቀት መጠበቅ ስንቱን ሰው ከመክፈቱ በፊት ዘግቶታል። ጎዳናው ታሪካዊ ክልል ውስጥ ከሆነ ደግሞ የታሪካዊ ቅርስ ባለሙያዎች ታፔላውን ያዩታል። የኛ ምግብ ቤቶች የሚበዙበት የዩ ስትሪት አካባቢ እንዲህ ነው። ጆርጅታውን ከሆነ በ1950 በወጣ ሕግ መሠረት የፌዴራሉ የሥነ ጥበብ ኮሚሽን ሳይቀር አስተያየት ይሰጣል። የፊደሉ መጠን፣ መብራቱ ከውስጥ ይሁን ከውጭ፣ ብሎኑ ጡቡ ላይ ይግባ ወይስ በጡቦቹ መካከል ባለው ሲሚንቶ ላይ ይጠይቃሉ። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። አሁን ግን የድሮ ጡብ አንዴ ከተሰነጠቀ እንደማይመለስ ስላወቅኩ እኔው ራሴ ደንበኞቼን እቆጣለሁ።

ቤታችሁ ሆናችሁ የምትሠሩ፣ ሒሳብ የምትይዙ፣ ሰነድ የምትተረጉሙ ካላችሁ ለናንተ ሌላ ፈቃድ አለ፤ ከመኖሪያ ቤት ለሚሠራ ሥራ የሚሰጥ። የሚፈቀደው ታፔላ 144 ካሬ ኢንች ነው። 12 በ12 ማለት ነው፤ ከአንድ ሰሐን ብዙም አይበልጥም። መብራት የለውም፣ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። «ታዲያ ማን ያየዋል?» ትሉኝ ይሆናል። ሐሳቡም እንዳይታይ ነው፤ ሰፈሩ ሰፈር ሆኖ እንዲቀር።

ሙያዬ ስለሆነ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። የተፈቀደው ስፋት ትንሽ ሲሆን ደንበኞቼ ሁሉንም ነገር እዚያ ላይ ማጨቅ ይፈልጋሉ፤ ምግብ ቤት፣ ቡና ቤት፣ የሠርግ ድግስ፣ ስልክ፣ የባንዲራ ቀለም፣ የአንበሳ ሥዕል። አማርኛው ደግሞ በመጨረሻ ተጨምቆ ከታች ይገባል። የኛ ፊደል ግን መጨመቅ አይወድም። እግሩ ብዙ ነው። አነስ አድርጋችሁ ከኋላው መብራት ስታበሩበት «ጠ» እና «ጨ» ከመንገድ ማዶ አይለዩም፤ «ሐ» ጥፍጥፍ ትላለች። ተጨምቆ የተጻፈ አማርኛ ላላነበበው ጌጥ ነው፤ ላነበበው ግን ስድብ ይመስላል። ስማችሁን ብቻ ጻፉ። ጥሬ ሥጋ መኖሩን የሚፈልገው ሰው ገብቶ ይጠይቃል።

ታፔላ ይህን ያህል መከራ ከሆነ ዝም ብለን ወረቀት እንለጥፍ የሚል አለ። የኮንሰርት፣ የበዓል፣ የለቅሶ ማስታወቂያ። እዚህም ደንብ አለ፤ እኔ እስካሁን ካየኋቸው ደንቦች ሁሉ ይህኛው ደግ ነው እላለሁ። በዲሲ የመብራት ምሰሶ ላይ መለጠፍ ይቻላል። ወረቀቱ ላይ የተለጠፈበት ቀን ይጻፋል። በአንድ ብሎክ፣ በመንገዱ አንድ ጎን፣ ተመሳሳይ ወረቀት ከሦስት በላይ አይለጠፍም። ሙሉ በሙሉ እንዳይነሣ በሚያደርግ ሙጫ አይጣበቅም። ቢበዛ 180 ቀን ይቆያል፤ የአንድ ዝግጅት ማስታወቂያ ከሆነ ዝግጅቱ ካለፈ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ መነሣት አለበት። ዛፍ ላይ ፈጽሞ አይቻልም። ይህ የ30 ቀን ነገር ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ፖስተር በመለጠፋቸው የተቀጡ የፀረ ጦርነት ተሟጋቾች ከተማውን ከሰሱ፤ ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ በ2017 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለከተማው ፈረደ። እኛ ግን ስንት የእንቁጣጣሽ ፖስተር ነው ፋሲካ ደርሶ ምሰሶ ላይ የምናየው? ለጣፊ ይከፈለዋል፤ ለአንሺ የሚከፍል የለም። አዘጋጆች ካላችሁ ከበጀታችሁ ላይ ለአንሺው ጥቂት ዶላር አስቀምጡ።

ከተማው ሁልጊዜ ያሸንፋል ብላችሁ ግን ተስፋ እንዳትቆርጡ። ስለ ሁለት ሰዎች ልንገራችሁ።

አንደኛዋ በሚዙሪ ግዛት፣ ላዱ በምትባል የቅምጥሎች ከተማ የምትኖር ማርጋሬት ጊሊዮ የምትባል ሴት ናት። በ1990 መጨረሻ፣ የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ሊጀመር ሲል፣ ግቢዋ ውስጥ ጦርነቱን የሚቃወም ጽሑፍ ተከለች። ሁለት ጫማ በሦስት ጫማ ነው። የመጀመሪያው ተሰረቀ፤ ሁለተኛው ተገፍቶ ወደቀ። ለፖሊስ ብታመለክት «እንዲያውም ጽሑፉ በከተማችን ክልክል ነው» አሏት። እሷም በተራ የጽሕፈት ወረቀት ልክ ጽፋ ሁለተኛ ፎቅ መስኮቷ ላይ ለጠፈችው። ከተማው በዚያም ላይ ሕግ አወጣ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1994 ዳኞቹ በሙሉ ለሴትዮዋ ፈረዱ። ሰው በገዛ ቤቱ መስኮት ሐሳቡን እንዳይጽፍ መከልከል አይቻልም ተባለ።

ሁለተኛው የኛን ሰው በጣም ይመለከታል። በአሪዞና፣ ጊልበርት በምትባል ከተማ የራሷ ሕንፃ የሌላት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ዛሬ ትምህርት ቤት አዳራሽ፣ ነገ ሌላ ቦታ እየተከራየች ታስቀድሳለች። ይህን የማያውቅ ካህን ከመካከላችን አለ? እዚህ ሀገር ካሉ አብያተ ክርስቲያኖቻችን ስንቶቹ ናቸው የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ተከራይተው፣ የነሱ ጸሎት እስኪያልቅ ውጭ ቆመው ጠብቀው የተጀመሩት! ያቺም ቤተ ክርስቲያን ምእመኖቿ እንዳይጠፉ ቅዳሜ ቅዳሜ አቅጣጫ የሚጠቁሙ ጽሑፎች መንገድ ዳር ትተክላለች፤ እሑድ ቀትር ላይ ታነሣለች። የከተማው ደንብ ግን እንዲህ ያለው ጠቋሚ ጽሑፍ ከ6 ካሬ ጫማ አይብለጥ፣ ፕሮግራሙ ሊጀመር ከ12 ሰዓት በላይ ሲቀረው አይተከል፣ ካለቀ በ1 ሰዓት ውስጥ ይነሣ ይላል። የምርጫ ጽሑፍ ግን እስከ 32 ካሬ ጫማ ሊሆን ይችላል፣ ለወራትም ይቆማል። ቤተ ክርስቲያኗ ሁለት ጊዜ ተከሰሰች። ፓስተሩ ክላይድ ሪድ ከተማውን ከሰሱ፤ በ2015 ዘጠኙም ዳኞች ለቤተ ክርስቲያኗ ፈረዱ። ከተማ የጽሑፍን መጠን፣ ቁመትና መብራት መወሰን ይችላል፤ ምን እንደሚል አንብቦ አንዱን ከሌላው ማበላለጥ ግን እጅግ ከባድ ምክንያት ካላቀረበ አይችልም። ከዚያ በኋላ በመላው አሜሪካ ያሉ ከተሞች የታፔላ ደንባቸውን እንደገና መጻፍ ግድ ሆነባቸው። ስለዚህ አንድ ሹም «ይህ የሃይማኖት ነው፣ ይነሣ» ካላችሁ «የመጠኑ ደንብ የትኛው ነው?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። መብታችሁ ነው። ፓስተሩ ግን መብቴ ነው ብለው የሕዝብ መንገድ ላይ ጽሑፋቸውን ለዘላለም አልተዉትም፤ እሑድ ቀትር ላይ ያነሡ ነበር። ይህችንም አብራችሁ ያዙልኝ።

ወደ መናፈሻዎቹ ልለፍ። እዚህ «ይህ ቦታ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ የበለጠ ይከርራል። በዲሲ ጎን ለጎን ካሉ ሁለት መናፈሻዎች አንዱ የከተማው፣ ሌላው የፌዴራል መንግሥት ሊሆን ይችላል። ሣሩ አንድ ነው፣ ወንበሩ አንድ ነው፤ ጌታው ግን ሁለት ነው። ሮክ ክሪክ ከ1890 ጀምሮ የፌዴራል ነው። ሁላችንም የምናውቀው፣ ውኃው በአሥራ ሦስት ገንዳ ደረጃ በደረጃ የሚወርድበት፣ እሑድ እሑድ ከበሮ የሚመታበት ማልኮም ኤክስ ፓርክም እንዲሁ የፌዴራል ነው። መዝገብ ላይ ያለው ስሙ ሜሪዲያን ሂል ነው።

አንድ የመስከረም እሑድ የማኅበራችን ሰዎች ለአዲስ ዓመት ተሰባሰብን። ጸሐፊያችን ጠንቃቃ ሴት ናት፤ ከከተማው የመናፈሻና መዝናኛ መምሪያ አስቀድማ ፈቃድ አውጥታለች። ጠዋት ስንደርስ ሌሊት ዘንቦ የተፈቀደልን ሜዳ ጭቃ ሆኗል። አንዱ «ከዚህ አሥር ደቂቃ ብንሄድ ጥሩ ሣር አለ» አለ። ሄድን። ድንኳን ተከልን፣ ባነር ሰቀልን። ባነሩ የኔ ሥራ ነው። ቄጠማ ተጎዘጎዘ፣ ቡናው ተቆላ፣ ጢሱ ተነሣ። ሁለተኛው ሲኒ ላይ ሳለን ሰፊ ባርኔጣ የደፋ ጠባቂ መጣ። ጸሐፊያችን በኩራት ወረቀቷን ዘረጋችለት። አነበበው፤ «መልካም ወረቀት ነው፤ ግን የሌላ ሰው ቤት ቁልፍ ይዘሽ ነው የመጣሽው» አላት። ድንኳኑን አፈረስን። ቡናውን ግን ጠጥታችሁ ሂዱ አለን፤ እሱም አንድ ሲኒ ቀመሰ። ሥርዓቱን አንድ በአንድ ያስረዳን ያን ዕለት ነው። ቤተሰብ ምንጣፍ አንጥፎ ቢበላ ማንም አይነካውም። ድንኳን፣ ድምፅ ማጉያ፣ ባነር ሲመጣ ግን ዝግጅት ይሆናል፤ የሰዉ ቁጥር ምንም ያህል ቢሆን በፌዴራሉ መናፈሻ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሰልፍ ብቻ ነው እስከ 25 ሰው ድረስ ያለ ፈቃድ የሚቻለው። ያን ቀን «ሰልፍ ነን» ብንል ኖሮ ብለን እስካሁን እንስቃለን። ከሰል ደግሞ የተለየ ጣጣ አለው፤ ለከሰል የተዘጋጀ ቦታ ካለ እዚያ ብቻ፣ አመዱም ዛፍ ሥር አይደፋም።

ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ የመጣችሁ ይህን ስትሰሙ «የኛስ?» ማለታችሁ አይቀርም። እዚያ የምትጠይቁት ካውንቲውን ወይም ከተማውን ነው። ደንቡ ይለያያል፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ግን ያው ነው። እዚህ ብትዋኙ ደግሞ ትከፍላላችሁ፤ የዲሲ ነዋሪ በከተማው መዋኛ በነፃ ነው የሚገባው።

ስለ መዋኛ ካነሣን ትንሽ ልቆይበት፤ በዚህ ነገር በኛ አዝናለሁ። ፈቃድ ስንለምን ከተማውን እናውቀዋለን፤ ከተማው በነፃ የሚሰጠውን ግን አናውቀውም። ከኛ ምግብ ቤቶች በእግር ጥቂት ብትሄዱ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ባነከር የሚባል የመዝናኛ ማዕከል አለ። በ1934 የተሠራ ነው። ያን ጊዜ በዚህች ከተማ ጥቁርና ነጭ በአንድ ውኃ አይዋኝም ነበር፤ ባነከር ለጥቁሮች ከተተዉት ጥቂት መዋኛዎች አንዱ ነው። በሰኔ 1949 የመዋኛዎቹ አስተዳደር ሁሉም ለሁሉም ክፍት ይሁን ሲል ጥቁር ልጆች አናኮስቲያ ወደሚገኘው መዋኛ ሄዱ። ጠብ ተነሣ፣ ሰው ተጎዳ፣ መዋኛው ተዘግቶ ከረመ። በሚቀጥለው ዓመት ሲከፈት ልጆቹ አብረው ዋኙ። እንግዲህ ያንን በር ያስከፈቱልን እነሱ ናቸው። እኛ ደግሞ ሃያ ዓመት በአጠገቡ ስናልፍ «የማን ይሆን?» ብለን አልጠየቅንም። እኔ ራሴ ልጄ ጓደኞቿን ተከትላ ገብታ እስክትነግረኝ ድረስ የግል ክለብ ይመስለኝ ነበር።

ከመዋኛው ሌላ የስፖርት መሥሪያ ክፍሎች አሉ፣ ለአዛውንቶች የሚሆኑ ፕሮግራሞች አሉ፣ ለልጆች የክረምት ካምፕ አለ። ካምፑ ላይ አንድ ምክር፦ ምዝገባው ገና ብርድ ሳለ ነው የሚከፈተው፤ የተፈለገው ቦታ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። በሰኔ «ልጄን የት ላድርግ?» የሚል ሰው ዘግይቷል። ዋና ለአዋቂም ይሰጣል። ይህን የምለው ሐይቅ ዳር ሽርሽር ሄዶ ልጁን የቀበረ ሰው ስለማውቅ ነው። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ቋንቋ። ብዙዎቻችሁ እነዚህ መሥሪያ ቤቶች የማትሄዱት እንግሊዝኛ ፈርታችሁ መሆኑን አውቃለሁ። እኔ የራሴን ወርክሾፕ ስከፍት የአሥራ ሁለት ዓመቷን ልጄን ከትምህርት ቤት አስቀርቼ ይዤ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት ሰርተፊኬት ኦፍ ኦኩፓንሲ አምጡ ስትል ልጄ አሰበች አሰበችና «አባዬ፣ የሙያ ምስክር ወረቀትህን አምጣ እያለች ነው» አለችኝ። በማግስቱ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ዲፕሎማዬን በፕላስቲክ አሽጌ አቀረብኩ። ሴትዮዋ ግራ ተጋብታ ዲፕሎማዬን ገልብጣ አየችው፤ «በጣም ያምራል» አለችና መለሰችልኝ።

ልጄ ምን ታድርግ? ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሕግ እያለልኝ አላወቅኩም። በዲሲ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አለ። አንድ መሥሪያ ቤት ከሚያገለግለው ሕዝብ 3 ከመቶው ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ ባነሰው ቁጥር፣ የሚናገረው ቋንቋ ከሆነ ዋና ዋና ቅጾቹን መተርጎም ግዴታው ነው። አማርኛ ከነዚያ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ቅጹ ባይተረጎም እንኳ መስኮቱ ላይ ቆማችሁ «አማርኛ» ማለት ብቻ ይበቃል፤ በስልክም ቢሆን አስተርጓሚ ያቀርባሉ። ነፃ ነው። እምቢ ካሉ ለከተማው የሰብዓዊ መብት ጽሕፈት ቤት አቤት ማለት ይቻላል። ጉዳይ አስፈጻሚ ለሚባለው ሰው ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። ጉዳይ አስፈጻሚ መያዝ ነውር አይደለም፤ ትልቅ ግንባታ ከሆነ እንዲያውም ይመከራል። ግን አንዳንዶቹ በእናንተ ፊት አሥር ጊዜ ስልክ እየደወሉ የሚያስከፍሏችሁ፣ እናንተው ቁጭ ብላችሁ በአማርኛ ለምትሞሉት ቅጽ ነው።

ሌላው ጎረቤት ነው። በዲሲ እያንዳንዱ ሰፈር በምርጫ የሚቀመጡ የሰፈር ኮሚሽነሮች አሉት፤ አንዱ ኮሚሽነር ወደ ሁለት ሺህ የሚሆን ነዋሪ ይወክላል። ደመወዝ የላቸውም። የመጠጥ ፈቃድ ስትጠይቁ፣ በረንዳ ላይ ወንበር ልታወጡ ስትሉ አስተያየታቸው በሕግ ትልቅ ክብደት ይሰጠዋል። እኛ የምናገኛቸው ሲቃወሙን ብቻ ነው። ጀበናውን ያወረድንበት ወዳጄ በስምንተኛው ወር ወደ ወርኃዊ ስብሰባቸው ሄደ። አንድ ትልቅ ሰሐን ሳምቡሳ ይዞ ሄደ፤ ሳምቡሳው ፈቃድ አያሰጥም፣ ሰው ግን ያስቀምጣል። ሁለት ሰዎች የፈሩት የመብራቱን ነገር መሆኑን ነገሩት፤ መስኮታቸው ፊት ለፊት ነው። ታፔላውን ግድግዳው ላይ ጠፍጣፋ አድርገን፣ መብራቱን ከላይ ወደ ታች አዙረን አዲስ ሥዕል አስገባን። አለፈ። ጀበናው ግን አንድ ፊት ብቻ ቀረው። ሌላኛው ፊት እኔ ቤት ነው፤ ባለቤቴ ሳሎን ውስጥ ሰቅላዋለች፣ ያለ ፈቃድ።

(ከንግግሩ በኋላ ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ እዚህ ተካቷል። የጠየቁት ከፊት ረድፍ የተቀመጡ፣ ነጠላ የለበሱ እናት ናቸው።)

— ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። እኔ ሰባ ዓመቴ ነው። ጉልበቴን ሐኪሙ «ውኃ ውስጥ ተራመጂ» ብሎኛል። ያልከው ቦታ ለኔም ይሆናል ወይ? እንግሊዝኛውም የለኝ።

— እማማ፣ ይሆናል። የክረምቱን ግን አይጠብቁ፤ ከተማው ሌላ ቦታ ቤት ውስጥ ያሉ መዋኛዎች አሉት፤ እነሱ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ናቸው፣ ውኃቸውም አይበርድም። ፎጣና ነጠላ ጫማ ይያዙ። በሩ ላይ የዲሲ ነዋሪ መሆንዎን የሚያሳይ መታወቂያ ይጠይቁዎታል፤ ሌላ ነገር ከጠየቁዎት «አማርኛ» ይበሉ።

— መታወቂያዬ ላይ ያለው አድራሻ የሜሪላንዱ የልጄ ቤት ነው።

— አሁን የሚኖሩትስ?

— እዚሁ ነው፤ አራት ዓመት ሆነኝ።

— እንግዲያስ ሰኞ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ መዋኛው ሳይሆን መታወቂያውን ለመቀየር ነው። የቤት ኪራይ ውልዎንና በስምዎ የመጣ ደብዳቤ ይያዙ። ሰዓቱን ከነገሩኝ በመኪና አደርስዎታለሁ፤ እኔም እዚያው አካባቢ የምሰቅለው ታፔላ አለኝ። ፈቃዱ ወጥቷል፤ ይኸው ኪሴ ውስጥ ነው።